ድስቱ ላይ የታሰረው ሻሽ

ፈይዛ መቅረት አታውቅም። ታረፍዳለች እንጂ። ታክሲ አጥታ፣ ዝናብ ይዟት፣ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ወሬ ገጥማ ታረፍዳለች፤ ስትደርስም "አትቆጪ፣ ይኸው መጣሁልሽ" ብላ ሰበብ ሳትደረድር ትቀመጣለች። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት ሙሉወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ በሯ ላይ ጓደኛዋን ስትጠብቅ መጀመሪያ አልተጨነቀችም። የመጨረሻ ልጇ ማርያማዊት ልታገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። የሠርጉን ምግብ የሚሠሩት ኬተሪንጎች አየር ጤና ናቸው፤ ለሙስሊም እንግዶች የሚቀርበውን ምግብ ጉዳይ ደግሞ ፈይዛ ራሷ ሄዳ ልታነጋግራቸው ነው። "ሥጋውን ማን እንዳረደው ሳላውቅ ለሰው አላቀርብም" ብላለች።

ፀሐይዋ ከጎረቤት ቆርቆሮ በላይ ወጣች። ሙሉወርቅ ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ደግማ ደወለች። ሁለተኛው ገና መጥራት ሲጀምር ተዘጋ።

ሙሉወርቅ ጡረታ እስክትወጣ የሠራችው ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሥራዋም ጉድለት መፈለግ ነበር። ከሥሩ መብራት የበራበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ የተበጠሰ ድር፣ የተዘለለ ማግ ታያለች፤ ቦታው ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ዓይኗ ከፋብሪካው ወጥቶም አላረፈም። ሳይነሳ የቀረ ስልክና የተዘጋ ስልክ አንድ እንዳልሆኑ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። የተዘጋውን የዘጋው ሰው አለ።

የፈይዛ ቤት ድሮ አጥር ለአጥር ነበር። በባህር ዛፍ አጣናው መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረ፤ እሳት የሚጫሩት፣ ወንፊት የሚዋዋሱት፣ ልጅ ሲታመም የሚጣሩት በእሱ ነው። የሁለቱም ባሎች ቀዳዳውን ሊደፍኑ ብዙ ጊዜ ዝተው አንዳቸውም አልደፈኑትም። አሁን በመካከል አራት ፎቅ ቆሟል። ሙሉወርቅ በአስፋልቱ ዞራ፣ የብረት በር የሚበይዱትን ልጆች አልፋ፣ እያለከለከች ደረሰች።

በሩን የከፈተችው የፈይዛ ልጅ ራህማ ነበረች። ፋርማሲ ትማራለች። ከቤት ስትወጣ ኒቃብ ትለብሳለች፤ ቤት ውስጥ ግን ለሙሉወርቅ ፊቷ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥማም ትስማታለች። ያን ቀን እጇን ብቻ ሰጠቻት።

"እንደምን አደሩ እማማ ሙሉ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽስ?"

"ትንሽ አሟት ተኝታለች።"

ከጓዳ ሳል ተሰማ። የተኛ ሰው ሳል አልነበረም፤ ጉሮሮ መጥረግ ነበር፣ ፈይዛ አንድ ነገር ልትናገር ስትል የምታደርገው። ግን የተከተለው ነገር አልነበረም።

"ራህማ፣ አስቀይሜያችሁ ነው?"

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። "ልዋሽዎት አልፈልግም። ይቀመጡና ይዩት።"

ሙሉወርቅ መነጽሯን አደረገች። ስልኩ ላይ ራሷን አየች። በሠርጓ ቀን፣ በቬሎ፣ ጥርሷ እስኪታይ ስትስቅ። አጠገቧ ፈይዛ፣ እሷም እየሳቀች፣ ራሷ ላይ ምንም የለ፤ ረጅሙ ጥቁር ፀጉሯ በአንድ ትከሻዋ ወርዶ። ፎቶውን ታውቀዋለች። ከአራት ቀን በፊት ልጇ ሰይፈሥላሴ ለሠርጉ የሚታይ ምስል እያዘጋጀ አሳይቷት "ስለ ድሮው ኮልፌ የሚያወራ ገጽ አለ፣ እሱ ላይ ላወጣው ነው" ብሏት ነበር። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ወጣትነቷን ድንገት አይታ ሆዷ ባብቶ፣ በእርጥብ ጣቷ ልቧን ተጫነችለት። ልብ የምትመስለውን ቀይ ምልክት ማለት ነው።

ከፎቶው በላይ ሰይፈሥላሴ "እናቴና የልብ ጓደኛዋ እማማ ፈይዛ፣ ኮልፌ፣ 1979 ዓ.ም.። ፍቅር ድሮ ቀረ" ብሎ ጽፏል። ከሥሩ የተጻፈውን ራህማ በጣቷ እየገፋች አሳየቻት።

"ሙስሊም እናቶቻችን እንዲህ ነበሩ። ይሄ ጥቁር መጋረጃ ከየት መጣብን?"

"ፀጉሯ ሲያምር! ዛሬ ቢሆን ተጀቡና ነበር የምናያት።"

"አላህ ይዘንላት። ልጆች ካሏት ይሄን ያጥፉላት፣ በየሰዓቱ ወንጀል እየተጻፈባት ነው።"

"ሐያእ የሌላት፣ እፍረተ ቢስ! ሙስሊም ነኝ ብላ ነው?"

ከዚያ ሌላ ገጽ ላይ የወጣ ነበር። የፈይዛ ፎቶ በግራ፤ በቀኝ ደግሞ ራህማ በኒቃብ፣ ፌርማታ ላይ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ሳታውቅ የተነሳች። "እናትና ልጅ። ወደ ኋላ የሄደችው የትኛዋ ናት?" ይላል። የሰፈር ሰው ካልሆነ እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚያውቅ የለም።

"እኔን ለምጄዋለሁ" አለች ራህማ። "ታክሲ ውስጥም 'ኒንጃ ተሳፈረች' ይሉኛል፣ እስቃለሁ። እሷን ግን… ፀጉሯን ከቤት ሰው ሌላ ያየው ወንድ የለም እማማ ሙሉ። አሁን ግማሹ እኔን ለመስደብ እሷን ያመሰግናል፣ ግማሹ እሷን ይሰድባል። ሁለቱም አያውቋትም።" ስልኩን ወደ ሙሉወርቅ ጠጋ አደረገች። "ደግሞ እርስዎም እዚህ አሉ።"

እውነትም ነበረች። ነጠላ ለብሳ ቀራንዮ መድኃኔዓለም በር ላይ የተነሳችው ትንሿ ፎቶዋ፣ ስሟ፣ አጠገቡ ቀይ ልብ። ልቡ ፎቶው ላይ ብቻ አልነበረም። "ያኔ እኮ ማን ሙስሊም ማን ክርስቲያን እንደሆነ አይታወቅም ነበር" ከሚል አስተያየት ሥርም ሌላ ልብ አስቀምጣለች። ያኔ ስታነበው ደግ ነገር መስሏት ነበር።

ሙሉወርቅ ወደ ጓዳው በር አየች። መጋረጃው አልተነቃነቀም። "እንግዲህ እግዜር ይማራት በይልኝ" ብላ ወጣች።

በመንገዷ ሁሉ የምታስበው ያንን ቀን ነበር።

ሠርጉ የተደገሰው እዚያው ከነፈይዛ ጋር አጥር የሚጋራው ግቢ፣ ድንኳን ተጥሎ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ በቆርቆሮና በሸራ የተከለለ ማድ ቤት ተሠራ። ክርስቲያኑ የታረደለትን በሬ ይበላል፤ ለሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ የፈይዛ አባት በግ አርደው ለብቻው ይሠራል። የዚያ ድስት ኃላፊ ፈይዛ ነበረች። ችግሩ ድስቶቹ ሁሉ የእድሩ መሆናቸው ነው፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ ክዳናቸው እንኳ የማይለይ። ጠዋት ላይ የሙሉወርቅ አክስት ሰብሌ ከበሬው ወጥ ያወጣችውን ማማሰያ ይዛ ወደ በጉ ድስት ስትሄድ የሙሉወርቅ እናት "ተይ! የነፈይዛ ነው!" ብላ ጮኸች። ማማሰያው ሳይነካ ተመለሰ። ፈይዛ አረንጓዴ ሻሿን ከራሷ ፈትታ በድስቱ ጆሮ ላይ አሰረችው። ሸራው ውስጥ ሴት ብቻ ነበር፤ ወንድ ዝር አይልም።

ወንዱን ያስገባችው ሙሉወርቅ ናት። ሚዜዎቹ ሊመጡ ሲሉ ፈራ ፈራ አላትና ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ በጓሮ በኩል ፈይዛን ፍለጋ ሮጠች። ፈይዛ "ወይኔ፣ ዘይት ይነካሻል!" ብላ ወገቧን ይዛ ከድስቱ አራቀቻት። ሁለቱም ሳቁ። ሙሽራዋን ሲከተል የነበረው ፎቶ አንሺ በሸራው በኩል ብቅ ብሎ ብልጭ አደረገው።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ፈይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። "ያምራል" አለች። "አትቅደጂው። ግን ከአንቺ እጅ እንዳይወጣ። አማና ነው።" ሙሉወርቅ አልበሙ ውስጥ ከአባቷ ፎቶ ጀርባ ሸጎጠችው። አልፎ አልፎ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ያወጡት ነበር፤ ፈይዛ "ክንዴን እዪው፣ እንጨት ፈላጭ እመስላለሁ" ትላለች፣ ይስቃሉ፣ ተመልሶ ይገባል። ዓመታት ሲሄዱ ማውጣቱ ቀረ። ሰይፈሥላሴ አልበሙን ሲያፈርስ አገኘው። ስለ አደራው ማንም አልነገረውም፤ ነጋሪዋ ሽንኩርት እየከተፈች ልብ ትጫን ነበር።

ቤት ስትደርስ ልጇ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ነበር።

"ሰይፉ፣ ዋናውን ፎቶ አምጣው።"

"ምነው እማ?"

"አምጣ አልኩህ።"

አመጣው። በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ስልክ ላይ የወጣው ፊታቸው ብቻ ነበር፤ ልጁ ዳር ዳሩን ቆርጦታል። ዋናው ላይ ግን ከፈይዛ ክርን በስተጀርባ ድስቱ አለ፣ በጆሮው ላይ ሻሹ ታስሯል። ቋጠሮው ሳይቀር ይታያል።

"ይሄን ለምን ቆረጥከው?"

"ድስት ነዋ! ምን ያደርጋል ብዬ።"

ነገረችው። ሰይፈሥላሴ አፉን ይዞ ሰማ፤ አንዴ ብቻ "ወይ ጉድ" አለ። ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ግን ያስቆመችው እሷ ናት። ጉድለት ሲገኝ ቦታው ላይ ምልክት ይደረጋል እንጂ ጨርቁ አይደበቅም፤ የሠራችው እንደዚያ ነው። ሰው የሳተው ግማሹን ስላየ ነው፣ ሙሉውን ካየ ያርማል ብላ አሰበች። "ሙሉውን አውጣው። እኔ የምልህን ጻፍ" አለችው። ሻሹ ለምን እንደተፈታ፣ ድስቱ ለምን እንደተለየ፣ ያኔ በሰፈሩ ኒቃብ የሚባል እንዳልነበረ፣ ፈይዛ ግን ያለ ሻሽ ከቤት ወጥታ እንደማታውቅ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ አስጻፈችው። አንብቦላት አንድ ቃል አስተካከለች። ጽሑፉ ከሙሉው ፎቶ ጋር ወጣ።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስትመለስ ስልኳ ጠራ። ፈይዛ ነበረች።

"ሙሉወርቅ፣ ነይ" አለች። ሙሉዬ አላለችም።

ፈይዛ ሶፋው ላይ ጅልባቧን እንደለበሰች ተቀምጣ ነበር፣ ሊወጣ እንደተዘጋጀ ሰው። ራህማ ወደ ጓዳ ገባች።

"ስንት ጊዜ ነው የምታወጪኝ?" አለች ፈይዛ። "አንዴ ልጅሽ፣ አንዴ አንቺ።"

"እውነቱን ነው ያስጻፍኩት። ሻሹ ድስቱ ላይ እንዳለ ይዩ ብዬ።"

"አዩ?"

ሙሉወርቅ ከሥሩ የተጻፈውን መንገድ ላይ አንብባዋለች።

"እኔ ልንገርሽ ያዩትን። 'ለወጥ ብላ ሂጃቧን ያወለቀች' ብለውኛል። አሁን ደግሞ የድስት ባለሻሽ ሆኛለሁ።" ከንፈሯ ዳር ትንሽ ሳቅ መጥቶ መልሳ ዋጠችው። "እኔ ፍርድ ቤት ነው የቆምኩት? ማስረጃ አምጪልኝ አልኩሽ? ያኔ ያልኩሽ አንድ ነገር ነው፣ ከእጅሽ አይውጣ። ሙሉው ሲወጣ ፀጉሬ አብሮ አልወጣም?"

"ወጥቷል።"

"እ!"

ውጭ ቆራሌው "ቆራሌው" እያለ አለፈ።

"ደግሞ ልብ አድርገሽላቸዋል" አለች ፈይዛ። "ማን ሙስሊም ማን ክርስቲያን እንደሆነ አይታወቅም ነበር ላሉት።"

"ለፍቅራችን ያሉት መስሎኝ ነው።"

"አንቺ ሰው፣ አይታወቅም ነበር? ካልታወቀ ሻሼን ምን ብዬ ድስት ላይ አሰርኩት? እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ 'ተይ!' ብላ የጮኸችው ምኑን አይታ ነው? በደንብ ይታወቅ ነበር እንጂ! ታውቆ ነው የተከበረው። አሁን ነው ማወቁ የጠፋው።"

ሙሉወርቅ ነጠላዋን ጠቀለለች፣ ፈታች። በፋብሪካው ዘመኗ ሁሉ የሷን ጨርቅ ሌላ ሰው መርምሮት ጉድለት ሲያገኝባት ትዝ አይላትም። "እውነትሽን ነው" አለች። "ራህማንም አስቀይሜያታለሁ።"

"እሷማ ፊቷን የሸፈነች ጊዜ አንቺ ራስሽ ስንት ጊዜ አኩርፈሽ ነበር።"

"አላኮረፍኩም። መንገድ ላይ ሳገኛት ጉንጯን መቆንጠጥ ለምጄ፣ የምቆነጥጠው ቸግሮኝ ነው።"

ጓዳ ውስጥ ራህማ ሳቀች። ፈይዛ ወደ መጋረጃው ገላመጠች። "አዳማጭ አለን ለካ! እኔም መጀመሪያ አልወደድኩላትም። 'እኛ እንዲህ አልነበርንም' አልኳት። 'አንቺ የራስሽን አስረሻል፣ እኔ የራሴን ልሰር' አለችኝ። ምን ልበላት?"

ሙሉወርቅ ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለምን እንደያዘችው ሳታውቅ የያዘችውን። "አማናሽ ነው። እኔ አልያዝኩትም። ውሰጂው፣ ቅደጂውም ያንቺ ነው። የወጣውን ሰይፉ ዛሬውኑ ያጠፋዋል፣ ሁለቱንም።"

ፈይዛ ፎቶውን አውጥታ ወደ መብራቱ ያዘችው። ሙሉወርቅ ስለ ክንዷ የምትለውን ጠበቀች። አላለችውም። መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ለሠርጉ ትመጫለሽ?"

"ኢንሻአላህ።"

ሙሉወርቅ የፈይዛን ኢንሻአላህ በድምፁ ትለያለች። የሚመጣ አለ፣ የሚያረፍድ አለ፣ ለሰው ፊት ተብሎ የሚባል አለ። ያን ቀን የሰማችው የትኛው እንደሆነ ሳትለይ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሰይፈሥላሴ ሁለቱንም አጠፋ። ፎቶውን የወሰዱትን ገጾች አንድ በአንድ ለመነ፤ አንዳንዱ አወረደ፣ አንዳንዱ ሰደበው፣ አንዱ ጭራሽ ልመናውን አወጣበት። ፈይዛ ቤት ሄዶ ይቅርታ ሲጠይቅ ራህማ ከመጋረጃ ወዲያ "ፌርማታ ላይ ያነሳኝን ካገኘኸው ንገረኝ፣ የጫማዬን ቀለም አበላሽቶታል" አለችው። ፈይዛ ግን ስለ ሠርጉ አላነሳችም። ኬተሪንጎቹን ያነጋገረችው ሙሉወርቅ ብቻዋን ናት፤ "አያስቡ እናቴ፣ ሁሉም ለየብቻው ነው" አሏት።

የሠርጉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ሙሽራዋና ቤተሰቧ አዳራሹ ጎን ባለው ክፍል ይለባብሱ ነበር። ሙሉወርቅ ወደ ማብሰያው ክፍል ሹልክ ብላ ወረደች። የሚያብረቀርቁ ትልልቅ ዕቃዎች በተርታ ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ክዳናቸው የማይለይ። በየዕቃው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እንፋሎቱ ወረቀቶቹን አርሶ ሁለቱ መሬት ወድቀዋል። የትኛው ከየትኛው እንደወደቀ ለማወቅ ጎንበስ ስትል ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማች።

"አንተ ልጅ፣ ያን ጭልፋ አስቀምጥ! ከየትኛው ነው ያወጣኸው?"

ፈይዛ ነበረች። ራህማ ከኋላዋ ቦርሳ ይዛ ቆማለች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው አስተናጋጅ ጭልፋውን አስቀምጦ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

"ከዚህ… ከክርስቲያኑ ፍስክ፣ እናቴ።"

"ወዴት ልትከተው?"

"ወደዚህ።"

"ይሄ የማን ነው?"

ልጁ መሬት ያሉትን ወረቀቶች አየ። ፈይዛ ሙሉወርቅን አየቻት። "ይሄን ነው ለየብቻ ነው ያሉሽ ሙሉዬ?" አለች። ልጁ ያሳየውን ዕቃ ክዳን ገልጣ አሸተተች፣ ለሙስሊሙ የተሠራው በግ መሆኑን ለይታ አራጁ ማን እንደሆነ ጠየቀች፣ ስም ሲነገራት "እሱን አውቀዋለሁ፣ ኮልፌ ነው" ብላ ከደነች። ከዚያ እጇን ወደ ራህማ ዘረጋች። ራህማ ከቦርሳው አረንጓዴ ሻሽ አወጣች። አዲስ ነው፤ የሙሉወርቅ ዓይን ማጉ የሳሳ መሆኑን፣ ጫፉ ላይ ክር መዘለሉን ሳትፈልግ አየ። በጠመኔ ምልክት አላደረገችበትም። ፈይዛ በዕቃው እጀታ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጥራ አሰረችው።

"እማማ ፈይዛ መጡ?" የሚል ድምፅ ከደረጃው ተሰማ። ማርያማዊት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ እየሮጠች መጣች።

"ወይኔ፣ ዘይት ይነካሻል!" አለች ፈይዛ፣ ወገቧን ይዛ እያራቀቻት። "ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ሆዴን ፈራ ፈራ አለኝ።"

"እናትሽንም እንዲሁ ብሏት ነበር። ያልፋል።"

ሙሽራዋን ሲከተል የነበረው ፎቶ አንሺ ካሜራውን እንዳነሳ በበሩ ገባ። ራህማ ኒቃቧን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ አስተካከለች። ሙሉወርቅ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፈይዛ ግን ቀደመቻት። እጇን ከፍ አድርጋ ልክ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አቆመችው።

"ቁም እዚያው! እኛን ተወንና" አለች፣ ወደ ሻሹ እያመለከተች፣ "እሱን አንሳ። ድስቱን። ዳር ዳሩን እንዳትቆርጠው ደግሞ!"